«ከፍተኛ» ከምን?

እናቴ ባለፈው ክረምት ታማ ሁለት ሳምንት ያህል አልጋ ላይ ዋለች። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ «እንዴት አደርሽ እማዬ? ተሻለሽ?» እላታለሁ። አንድ ቀን «ከትናንት ይሻለኛል፤ ከሰኞው ግን ገና ነኝ» አለችኝ። ራስጌዋ ያለው ሬዲዮ ዜና እያሰማ ነበር። በአንድ ዘርፍ «ከፍተኛ መሻሻል» መታየቱን ኃላፊው ገለጹ ተባለ። ከምን እንደተሻሻለ አልተነገረም። ከመቼ ወዲህ እንደሆነም አልተነገረም። ዜናው አለቀና ዘፈን ገባ።

ያን ጠዋት ከእናቴ ያገኘሁት መረጃ ከዜናው የተሟላ ነበር። ሁለት መለኪያ ሰጠችኝ። ትናንትን ሰጠችኝ፣ ሰኞን ሰጠችኝ። ሕመሟ በሁለቱ መሀል የት ላይ እንዳለ ወዲያው ገባኝ። ከሬዲዮው ግን ደስ የሚል ስሜት እንጂ የያዝኩት ነገር አልነበረም።

የእንጀራዬ ሥራ ዜና ማረም ነው። «ከፍተኛ» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደማልፈው ቆጥሬ አላውቅም። ከፍተኛ ጉዳት፣ ከፍተኛ ጥረት፣ ከፍተኛ ርብርብ፣ ከፍተኛ ድጋፍ፣ ከፍተኛ ውጤት። ቃሉ እንዲህ የሆነው ዛሬ አይደለም። ከድሮ ጋዜጦቻችን የወረስነው ልማድ ነው። ልማዱ ዛሬ የኑሮ ውድነትን፣ የምንዛሪን፣ የረሃብን ዜና እንዴት እንደምንሰማ እየወሰነ ስለሆነ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ከቋንቋው ልጀምር። አማርኛ ሲያነጻጽር ቅጽሉን አይነካካም። «ረጅም» ተነጻጸረም አልተነጻጸረም «ረጅም» ነው። ሥራውን የምትሠራው አንዲት ፊደል ናት፤ «ከ»። «እሷ ከእህቷ ትረዝማለች» ስንል ክብደቱ ያለው «ከእህቷ» ላይ ነው። እህቷን ካወጣናት ንጽጽሩም አብሮ ይወጣል።

ተረትና ምሳሌዎቻችን ይህን አሳምረው ያውቃሉ። «ከመሞት መሰንበት» እንላለን። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን። ሁለቱም ላይ «ይሻላል» የሚል ቃል የለም። ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። «ከ» ግን ከቦታዋ አትነቃነቅም። «ከእጅ አይሻል ዶማ»ም ዶማውን የሚያሳንሰው እጅን ከጎኑ አቁሞ ነው። የሕዝቡ አነጋገር ሌላውን ቃል ሊጥል ይችላል፤ «ከ»ን አይጥልም። የዜና አማርኛ የለመደው የዚህን ተቃራኒ ነው። ቅጽሉን ይዞ «ከ»ን ጣለ። («ከፍተኛ» ላይ ያለችው «ከ» ያቺ «ከ» አይደለችም። «ከፍ አለ» ከሚለው የመጣች የቃሉ አካል ናት።)

ቃሉ በራሱ ጥፋት የለበትም። «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» ብላችሁ ጥሩት፤ መሰላል ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኛ» በ«አንደኛ» እና በ«ሁለተኛ» ላይ እንዳለችው ቦታ ታሳያለች። ከጣሊያን መባረር በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም፣ የፍርድ ቤቶችን አደረጃጀት የሚወስን አዋጅ ሲወጣ «ከፍተኛ ፍርድ ቤት» የሚባል ተቋቋመ። ከፍተኛ ይባል እንጂ የመጨረሻው አልነበረም። ከበላዩ ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ነበር፤ ከበታቹም ሌሎች ነበሩ። ዛሬም የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተቀመጠው በመጀመሪያ ደረጃና በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሀል ነው። መንገድ ላይ «መካከለኛ ክሊኒክ» እና «ከፍተኛ ክሊኒክ» የሚሉ ታፔላዎችን እናያለን። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ጀማሪ ባለሙያ» እና «ከፍተኛ ባለሙያ» እናነባለን። በነዚህ ሁሉ ቃሉ ጎረቤቶች አሉት። ከማን በላይ እንደሆነ ይታወቃል።

ዜና ውስጥ ሲገባ ግን ብቻውን ነው የሚቆመው።

ልጅ ሆኜ የአያቴ ቤት ግድግዳ በጋዜጣ ተለብጦ ነበር። ጭቃው እንዳይራገፍና ብርድ እንዳይገባ ነው። የድሃ ሰው የግድግዳ ወረቀት እሱ ነበር። እኔ ማንበብ የተለማመድኩት እዚያ ላይ ነው፣ ተኝቼ፣ አንገቴን አጣምሜ። አንዱ ገጽ ላይ ከላይ የበዓል ዜና አለ። «በከፍተኛ ድምቀት ተከበረ» ይላል። ከታች የጨረታ ማስታወቂያ አለ። «ከፍተኛ ዋጋ ላቀረበ ተጫራች» ይላል። ያን ጊዜ ልዩነቱ አልታየኝም። አሁን ሳስበው እዚያው አንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት «ከፍተኛ» ነበረ። የጨረታው ይለካል። ፖስታዎቹ ተከፍተው፣ ዋጋው ተነብቦ፣ ከሌሎቹ የበለጠው ያሸንፋል። የተሸነፈው ሰውዬ በስንት እንደተበለጠ አውቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የበዓሉ «ከፍተኛ» ግን የሚወዳደረው የለም። የአምናው ምን ያህል ደምቆ ነበር? ማንም አይጠይቅም።

የአማርኛ ጋዜጣ ሲጀምር እንዲህ አልነበረም። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሳሉ መታተም ጀመረች። በዚያ ዘመን የተማሩ ሰዎች አገራቸውን ከጃፓንና ከአውሮፓ ጋር እያስተያዩ ይጽፉ ነበር። ነገሩ የጽሑፍ ብቻም አልነበረም። በ1923 ዓ.ም የታወጀው ሕገ መንግሥት የጃፓኑን አርአያ ያደረገ ነው። በ1924 ዓ.ም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ድረስ ሄደው አይተው ተመለሱ። «ከጃፓን አንሰናል» የሚል ንጽጽር ያማል። ግን ከማን እንዳነስን በስም ተጠርቷል። ሰው ሊከራከርበት ይችላል፤ ሊሠራበትም ይችላል።

ቀጥሎ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም «አዲስ ዘመን» ወጣ። የጋዜጣው ስም ራሱ ንጽጽር ነው። አዲስ ከምን? ከአምስቱ የወረራ ዓመታት። ይህን ማንም አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር። ማነጻጸሪያው ገና ትኩስ ቁስል ነው። ስሙ ኃይል ያገኘው ከዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

እየቆየ ግን አንድ እንግዳ ነገር መጣ። በንጉሡ ዘመን ጋዜጣ የሰው ደረጃ በሚዛን ይለካ ነበር። «ግርማዊ» ለንጉሠ ነገሥቱ ነው። «ልዑል» ለመሳፍንቱ ነው። «ክቡር» ለሚኒስትሩ ነው። ደጃዝማቹ ከፊታውራሪው ቀድሞ ይጠራል። አንባቢው ማን ከማን እንደሚበልጥ ከቅደም ተከተሉ ብቻ ያውቃል። በነገራችን ላይ «ልዑል» ራሱ በግእዝ «ከፍ ያለ» ማለት ነው። የሰውን ከፍታ በዚህ ጥንቃቄ የሚለካ ጽሑፍ የእህሉን፣ የውኃውን፣ የበሽታውን ከፍታና ዝቅታ ሲጽፍ ግን ጥንቃቄው ይጠፋል። ምክንያቱ የጋዜጠኞቹ ስንፍና አይመስለኝም። ጋዜጦቹ የመንግሥት ነበሩ። ሳንሱር ነበረ። «ከአምና ቀነሰ» ብሎ መጻፍ ከባድ ነገር ነው፤ ዘንድሮ ተጠያቂ አለ ማለት ነውና። «ከፍተኛ ጥረት እየተደረገ ነው» ግን ማንንም አያስጠይቅም። ንጽጽር ምስክር ይጠራል። ጋዜጣው ምስክር መጥራት ሲፈራ ቅጽሉ ብቻውን ቀረ።

ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ወሎ ያውቀዋል። በ1965 ዓ.ም ሰው በረሃብ ሲያልቅ አገሩ በወጉ አልሰማም። ዓለም ያየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ከ11 ዓመት በኋላም ተደገመ። በመስከረም 1977 ዓ.ም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ሰልፍ ተከበረ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲም (ኢሠፓ) በዚያው ሰሞን ተመሠረተ። ጥቅምት ላይ የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክ የረሃብ ዘገባ ከኮረም ወጣ።

ደርግ «ከፍተኛ»ን ሌላ ቦታ ወሰደው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣውን አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ሰው አይረሳውም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ነው። «ትርፍ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። እሷም ንጽጽር ናት። ትርፍ ከምን? ሕጉ መልስ ነበረው። አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት አንድ ቤት በላይ ያለው ትርፍ ነው። ስንቱን ቤተሰብ እንዳስለቀሰ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማነጻጸሪያው ግን ተጽፎ ነበር።

ይኸው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ከታች ቀበሌ፣ ከዚያ ከፍተኛ፣ ከላይ ማዕከላዊ። «ከፍተኛ» ማለት ከቀበሌ ከፍ ያለው ማኅበር ማለት ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን ማኅበሩ የሚለው ቀረና ቅጽሉ ስም ሆነ። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛ ተከፈለች። «ከፍተኛ 7 ነው ሰፈሬ» ማለት ተለመደ። በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ ቃሉ ሌላ ፍርሃት ተሸከመ። ወጣቶች ተይዘው ከሚታጎሩባቸው ቦታዎች አንዱ የከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ነበርና። ልጅዋን ስንቅ ይዛ ለምትፈልግ እናት «ከፍተኛ» ደረጃም መጠንም አልነበረም። በሩ ላይ ዘብ የቆመበት ግቢ ነበር። የዚያን ዘመን ሰዎች ቃሉን ዛሬም ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። አክስቴ አንዷ ናት።

«ተሻለ» የሚለው ቃል ጉዞ ደግሞ ለብቻው ይገርማል። ከእሱ «ተሻሻለ» መጣ፣ ከዚያ «ማሻሻያ»። በ1966ቱ አብዮት ዋዜማ የተማሪውና የምሁሩ ወገን ይህን ቃል አላመነውም። «ጥገናዊ ለውጥ» ብሎ አጣጣለው፤ እንደ ተጣፈ ልብስ ማለት ነው። የሚፈልጉት «ሥር ነቀል ለውጥ» ነበር። በሐሳቡ ብንስማማም ባንስማማም ያ ትውልድ ጠይቆ ነበር፤ ከምን ይሻላል? ለማን ይሻላል? ዛሬ «ማሻሻያ» ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል። «የዋጋ ማስተካከያ ተደረገ» ሲባል ነዳጁ እንደጨመረ እናውቃለን። ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ርእሱ አይነግረንም። የለመድን ስለሆንን ነው የምናውቀው።

በ1985 ዓ.ም የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ። ሳንሱር ቀረ። ፍርሃቱ ሲቀንስ «ከ» ትመለሳለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነበር። በከፊል ተመለሰች፤ በኢኮኖሚ ዘገባ ላይ በተለይ። «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር» የምትለዋ ሐረግ ዛሬ የትም አለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አዲሱ ችግር ግን ከየትኛው «ከ» ጋር እንደምንነጻጸር የሚመርጠው ዜናውን የሰጠው አካል መሆኑ ነው።

ሁለት ምሳሌ በቅርበት እንይ።

አንዱ የዋጋ ግሽበት ነው። «የዋጋ ግሽበት ቀነሰ» የሚል ዜና ሲነበብ ብዙ ሰው ይናደዳል። «የት ቀነሰ? ገበያ ወጥተው ያውቃሉ?» ይላል። ሰዉ ልክ ነው፤ ዜናውም ሐሰት ላይሆን ይችላል። ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያየ «ከ» ነው። አንድ ዕቃ 100 ብር ነበር እንበል። በዓመቱ 30 በመቶ ቢጨምር 130 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት 15 በመቶ ቢጨምር 149 ብር ከ50 ይገባል። ግሽበቱ ከ30 ወደ 15 ወርዷል፣ በግማሽ። ዕቃው ግን አልረከሰም፤ 19 ብር ከ50 ተጨመረበት። የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት ነው። ዜናው ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ስንት ንዴት ይቀር ነበር። «ከሁለት ዓመት በፊት 100 ብር የነበረው ዛሬ 150 ሊሞላ ነው፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ግን ቀንሷል» ማለት ይቻላል። አማርኛው አያንስም።

ሁለተኛው የብር ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ሰኞ ዕለት፣ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በዚያው ቀን 74 ብር ገደማ ሆነ። አርብ ዕለት 100 ዶላር ያስገኘ ዕቃ በብር 5,700 ነበር። ሰኞ ያው ዕቃ፣ ያው ኪሎ፣ ያው 100 ዶላር፣ 7,400 ብር ሆነ። በብር ካወራን 30 በመቶ ያህል አድጓል፤ በዶላር ካወራን ምንም አልተነቃነቀም። እንግዲህ ከዚያን ጊዜ ወዲህ «ገቢያችን ከአምናው በከፍተኛ ደረጃ ጨመረ» የሚል ዜና ስንሰማ መጀመሪያ የሚጠየቀው በየትኛው ገንዘብ ነው የሚለው ነው። ውጭ አገር ሆኖ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ወገናችን ይህን ከማንም ቀድሞ ይገባዋል። የላከው አልጨመረም፤ እናቱ ባንክ ሄዳ የምትቀበለው ብር ግን በዝቷል። የዘይቱም ዋጋ እንደዚያው።

ከሁሉ የሚያመኝ «ከፍተኛ የምግብ እጥረት» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቃሉ ሕይወት ነው። ደግሞ መለኪያ የሌለበት ጉዳይ አይደለም። ዓለም አቀፍ የምግብ ዋስትና መለኪያው አምስት ደረጃ አለው። ሦስተኛው ቀውስ ነው፣ አራተኛው አስቸኳይ ሁኔታ ነው፣ አምስተኛው ረሃብ። አንድ አካባቢ ረሃብ ገብቶበታል ለመባል ከ100 ቤተሰብ ቢያንስ 20ው የሚበላው ያጣ መሆን አለበት። ከ100 ሕፃናት ቢያንስ 30ው በምግብ እጦት ክፉኛ የተጎዱ መሆን አለባቸው። በየቀኑ ከ10,000 ሰው ቢያንስ 2 ሰው በዚሁ ምክንያት መሞት አለበት። «ከፍተኛ» የምንለው የትኛውን ነው? ሦስተኛውን ነው? አራተኛውን? በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ከብቱን የሸጠ ገበሬና የሚሸጠው ያለቀበት ገበሬ ልዩነት ነው። ዘገባው አንዱን ቁጥር ቢጠራ እርዳታ የሚያደርገውም፣ የሚከራከረውም፣ የሚደብቀውም ሰው ይታወቃል።

ይቻላል ወይ? ይቻላል። የአየር ትንበያውን ስሙ። የክረምቱ ዝናብ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ ወይም «ከመደበኛ በታች» ይሆናል ይላል። «ከፍተኛ ዝናብ» ብሎ አያቆምም። መደበኛ የሚባለውም በአየር ንብረት ሥራ በልማድ የ30 ዓመት አማካይ ነው። ገበሬው ያንን ሰምቶ ማሽላ ይዝራ ጤፍ ይዝራ ይወስናል። በትንበያው ቢሳሳቱ እንኳ ምን ያህል እንደተሳሳቱ ክረምቱ ሲወጣ ይታያል። ይህ ሁሉ ያለምንም የውጭ ቃል፣ በደህና አማርኛ ነው የሚነገረው።

ዜና ሥራ ስጀምር ያረሙኝ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ዛሬ በሕይወት የሉም። የመጀመሪያዬን ዘገባ ስሰጣቸው አራት ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ከምን?» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። አራቱም «ከፍተኛ» ያልኩባቸው ቦታዎች ነበሩ። ሁለቱን ደውዬ አጣራሁ፤ ቁጥር ተገኘ። ሦስተኛው ላይ የሕዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ የአምናው መረጃ እጃቸው ላይ እንደሌለ ነገሩኝ። አራተኛውን ማንም ሊመልስልኝ አልቻለም። «እንግዲያ አውጣው» አሉኝ። ሳወጣው ዓረፍተ ነገሩ ምንም አልጎደለበትም። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ግን እንዲቆይ አደረጉ፤ ቃሉን ሰርዘው «ካለፈው ዓመት ጋር ለማነጻጸር የሚያስችል መረጃ መሥሪያ ቤቱ የለውም» ብለው በእጃቸው ጻፉበት። በማግስቱ ጽሑፉን ያነበበ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለዚያች አንድ መስመር ነበር።

እናቴ አሁን ድናለች። ባለፈው ቅዳሜ አብሬያት ጉልት ወጣሁ። ሽንኩርት የምትሸጠዋን ልጅ «እንዴት ነው ዛሬ፣ ቀነሰ?» አለቻት። ልጅቷ ሚዛኗን እየጠረገች «ከፋሲካው ቀንሷል እማማ፤ ከጾሙ ግን አልወረደም» አለች። እናቴ ትንሽ አሰበችና ግማሽ ኪሎ አስመዘነች።